ሰኔና ሰኞ ሳይሆን ሰኔና በጀት

ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ ሰኔ ሃያ ምናምን ላይ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ጊንፍሌ ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ እያጉረመረመ ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጃንጥላውን እየፈታ ነው። መንገዱ ዳር አራት ወጣቶች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው የቦዩን ክዳን አንስተው ይጠርጋሉ። በአካፋ የሚወጣው ነገር ያስቃልም ያሳዝናልም፣ ጥቁር ደለል፣ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የአንድ እግር ኮንጎ ጫማ፣ የሆነ ልጅ የቤት ሥራ ደብተር፣ ድንጋይ፣ እንደገና ሃይላንድ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ላባቸው ጠብ እያለ ነው የሚሠሩት። ችግሩ ያወጡትን የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው። እዛው ቦዩ አፍ ላይ፣ ግማሽ እርምጃ ራቅ አድርገው ይቆልሉታል።

"ወንድሜ ይሄን መኪና መጥቶ ይጭነዋል አይደል?" አልኩት አንዱን።

"እኔ እንጃ፣ የኛ ማውጣት ነው፣ የሚጭኑት ሌሎች ናቸው" አለኝና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። እሱም ገብቶታል።

ማታውን ዘነበ። ዘነበ ብቻ ሳይሆን በረዶም ጣለበት። ጠዋት ሳልፍ ክምሩ ግማሽ ሆኗል፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ አስፋልቱን ይዞ ወርዶ ታች ያሉት የቆርቆሮ አጥር ያላቸው ቤቶች በር ላይ ኩሬ ሠርቷል። አንዲት ሁላችንም እማማ ብቻ ብለን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ደጃፋቸው ላይ በማዳበሪያ አፈር ሞልተው ደርድረዋል፣ በየዓመቱ የሚደረድሩት ማዳበሪያ ነው። "ደህና አደሩ እማማ?" ስላቸው "እግዜር ይመስገን፣ ዘንድሮስ ፍራሹን ቀድሜ አልጋ ላይ ሰቅየዋለሁ" አሉኝ እንደ ትልቅ ድል። የከተማችን የአደጋ ቅድመ መከላከል ፕላን ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፣ ፍራሹን ቀድሞ መስቀል።

ልጆቹ ላይ አልተናደድኩም። ያናደደኝ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ማነው በሰኔ መጨረሻ ቦይ የሚጠርገው? ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ሙሉ የት ነበርን? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠኝን መልስ መሥሪያ ቤት ላይ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በጀት መዝጊያ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሀምሌ 1 ይከፈታል፣ ስለዚህ ሰኔ ላይ የተረፈ ብር ካለ ተመላሽ ከሚሆን አንድ ነገር ይሠራበት ነው ነገሩ። አባቶቻችን ሰኔ 1 ሰኞ ከዋለ ክፉ ዓመት ነው ይሉ ነበር፣ ሰኔና ሰኞ ገጠመ ይባላል። እኛ ጋ የገጠመው ሰኔና በጀት ነው፣ ያውም ቀኑ ሳይቀያየር በየዓመቱ።

ቆም ብላችሁ አስቡት። የፌዴራሉ በጀት፣ ለምሳሌ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር፣ ፓርላማ ያጸደቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የከተማ አስተዳደሩም በዚያው ሰሞን ያጸድቃል። ሀምሌ 1 አዲሱ በጀት ሲከፈት ዝናቡ ከጀመረ ሰንብቷል። ከዛ ብሩ ወደ ታች እስኪወርድ፣ የግዢ ፕላን እስኪሠራ፣ ጨረታ እስኪወጣ፣ አሸናፊው ተለይቶ ውል እስኪፈረም፣ ቅሬታ ካለ ቅሬታው እስኪታይ ድረስ ጥቅምትም ህዳርም ያልፋል፣ ቁፋሮው የሚጀመረው ጥር የካቲት ላይ ከሆነ እድለኞች ነን፣ የበልግ ዝናብ መጋቢት ላይ ይመጣል፣ ግንቦት ላይ የሲሚንቶ ዋጋ ጨመረ ይባላል፣ ሰኔ ላይ ቦዩ ተቆፍሮ ክዳኑ ሳይገጠም ክረምት ይገባል። ክፍት ጉድጓድ ላይ ቢጫ ሪባን የምናየው ለዚህ ነው። ሰነፍ ስለበዛ ወይም ሌባ ስለበዛ ብቻ አይደለም (እሱም የለም አላልኩም)፣ ካላንደሩ ራሱ ተገልብጧል።

ተፈጥሮ ደግሞ በኛ ከተማ ላይ ምህረት የላትም። እንጦጦ ከባህር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ ነው ያለው፣ አቃቂ 2,100 ገደማ፣ መሀሉ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም (መንገዱ ካልተዘጋ)። ማለትም ከላይ የወረደ ዝናብ በቀበናና በጊንፍሌ፣ በቀጨኔና በቁርጡሜ፣ በባንትይቀጡ አድርጎ እያንደረደረ ነው መሀል ከተማ የሚደርሰው። ቀበና ድልድይ ላይ ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ በአንዴ ቡናማ ሆኖ ያብጣል፣ ላይኛው ሰፈር ዘንቦ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። በዛ ላይ በየዓመቱ አፈር የነበረው አስፋልት፣ ኮብልስቶንና ሴራሚክ ይሆናል፣ መሬት ትጠጣው የነበረው ውሃ ሁሉ አሁን ቦይ ይፈልጋል። ቦዩ ግን የድሮው ነው፣ ያውም የሃይላንድ ማጠራቀሚያ የሆነ።

ነሐሴ 2013 ላይ እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ ቀን ጎርፍ ሰባት ሰው ሞቷል። ትዝ የሚለው ስንት ሰው ነው? ድሬዳዋማ አይረሳም፣ ሀምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998፣ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 ሰው በላይ በላ፣ በጋውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ገበያ የሚቆምበት ወንዝ ነው እኮ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተናደ፣ ከ110 ሰው በላይ ቆሻሻ ሥር ቀረ፣ ከሀምሳ ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲከመርበት የነበረ ተራራ ሥር ሰው ቤት ሠርቶ እንደሚኖር የማያውቅ ባለሥልጣን አልነበረም። ሀምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ተራራው መጀመሪያ የተወሰኑ ቤቶችን ቀበረ፣ ጎረቤት በእጁና በዶማ ሊያወጣ ሲሯሯጥ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ የሚያወጡትን ቀበረ፣ ከ200 በላይ ሰው። ይሄን የመጨረሻውን ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የሞቱት በደግነታቸው ነው፣ መጀመሪያ ናዳ ካለ ሁለተኛ ሊኖር ይችላል ብሎ የነገራቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም፣ ይሄን ለመንገር ደግሞ ኮንክሪት አያስፈልግም፣ አንድ የሰለጠነ የቀበሌ ሰውና አንድ ሜጋፎን ይበቃል።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ የምናደርገው አንድ ነው፣ ብርድ ልብስ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሂሳብ ቁጥር። በእርዳታ ላይ ልምዳችን ትልቅ ነው፣ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1966 በወሎ ረሃብ ማግስት ነው፣ ስሙ ስንት ጊዜ ተቀያይሮ ዛሬ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሆኗል። የስሙ መቀየር ራሱ ጥሩ ነገር ነው፣ "እርዳታ" ከሚለው ወደ "ስጋት" መጥቷል፣ ማለትም አደጋው ሳይመጣ አስቀድመን እንሥራ ነው። ፖሊሲውም በ2005 አካባቢ ሲወጣ ይሄንኑ ነው የሚለው። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ብሩ ግን አሁንም ለቅሶ ቤት ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ አሜሪካን ላነሳ ነው፣ ወዲያው "እነሱ ሀብታም ናቸው" እንዳትሉኝ፣ የማነሳው ለብሩ ሳይሆን ለአሠራሩ ነው። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፣ በስልክ ስናወራ አንድ ቀን "ከተማው መጠይቅ ልኮልኝ ሰፈርህን የሚያሰጋህ ምንድነው፣ ጎርፍ ነው፣ ንፋስ ነው፣ በረዶ ነው ይለኛል፣ እኔ የሚያሰጋኝ የቤት ኪራይ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር" ብሎ አሳቀኝ። በኋላ ሳነብ ቀልድ አይደለም። እዛ ፌማ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለስቴቶችና ለከተሞች አደጋ መቀነሻ ግራንት (የማይመለስ ድጋፍ) ይሰጣል፣ ግን በፈረንጆቹ 2000 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ከተማ ወይም ካውንቲ የጸደቀ የአደጋ ቅነሳ ፕላን ከሌለው የፕሮጀክት ብር አያገኝም። ፕላኑ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ሲዘጋጅ ነዋሪው መጠየቅ አለበት፣ ስጋቱ የት የት እንደሆነ በካርታ መታየት አለበት፣ መጨረሻ ላይ ምክር ቤቱ በይፋ ማጽደቅ አለበት። የአክስቴ ልጅ መጠይቅ የዚህ ፕላን አካል ነው። ብሩ ሲመጣም ሁሉንም ፌዴራል አይከፍልም፣ በብዛት 75 ፐርሰንቱን ፌዴራል፣ 25 ፐርሰንቱን አካባቢው ራሱ። ከኪስህ ሩብ ካወጣህ ፕሮጀክቱን ትጠብቀዋለህ፣ የሰው ብር ብቻ ሲሆን ግን ምን ገዶህ።

ስለ ጥቅሙ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕንጻ ሳይንስ ተቋም በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው ጥናት በፌዴራል ግራንት ለቅድመ መከላከል የወጣ 1 ዶላር ወደፊት ሊደርስ የነበረ 6 ዶላር ኪሳራ ያድናል ይላል። ቁጥሩ የነሱ ነው፣ የኛ ቤት ርካሽ ስለሆነ ስሌቱ ይለያያል፣ ግን የእማማን ፍራሽ፣ የእማማን ሳጥን፣ የእማማን እድሜ ማን በምን ይተምነዋል?

እነሱም መላእክት አይደሉም። ትልቁን የፌማ ቅድመ መከላከል ግራንት፣ ብሪክ የሚባለውን፣ ኤፕሪል 2025 ላይ የትራምፕ አስተዳደር ብክነት ነው ብሎ ሰረዝኩት አለ፣ 20 ስቴቶች ተነስተው ከሰሱ፣ ፍርድ ቤትም ስረዛው ሕጋዊ አይደለም ብሏል። ግን ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቆረጠው የትኛው ብር እንደሆነ አያችሁ አይደል፣ ሀብታምም ሆነ ድሃ አገር አንድ ነው፣ ያልደረሰ ጎርፍ ካሜራ ላይ አይወጣም። ሪባን የሚቆረጥለት ድልድይ አለ፣ "እነሆ ያልሰመጡ ቤቶች" ተብሎ ሪባን ሲቆረጥ ግን አይቼ አላውቅም።

አንድ ሌላ የገረመኝ ነገር አለ፣ ደጋግሞ ጎርፍ የሚያጠቃውን ቤት በፈቃዱ ከሚሸጥ ባለቤት በግራንቱ ገዝተው ያፈርሱታል፣ ከዛ ያ መሬት ለዘላለም ክፍት ቦታ ሆኖ ይቀራል፣ ካርታው ላይ ተጽፎ፣ ማንም ሕንጻ አይሠራበትም። ይሄን ሳነብ የኛ ወንዝ ዳርቻዎች ናቸው የመጡብኝ። ከ2011 ጀምሮ የሸገር ወንዞች ፕሮጀክት 56 ኪሎሜትር ተብሎ ተጀምሯል፣ በኋላም የኮሪደርና የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ቀጥሏል፣ ከወንዝ ከንፈር ላይ የተነሱ ብዙ ቤቶች አሉ። እውነት እውነቱን እንነጋገር፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ የድጋፍ ግንቡና የተከፈተው ዳርቻ ለጎርፍ ጠቅሟል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ድሮ ፌስታል ተንጠልጥሎበት አፍንጫ ይዘን የምናልፍበት ቦታ ዛሬ ልጆች ይሮጡበታል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የተነሳው ሰው ቤት ቦታ ነገ ካፌ ወይም ፓርኪንግ ይሆናል ወይስ ውሃው የሚሰፋበት ሜዳ ሆኖ ይቀራል? የት ላይ ተጽፏል? ደሞም ወንዝን በሁለት ግንብ መሀል ስታስገባው ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ላይኛውን ሰፈር ሳይጎዳ ያለፈው ውሃ ታችኛው ሰፈር፣ ቦሌና አቃቂ ድረስ ጉልበት ጨምሮ ይደርሳል። ይሄን ያሰላ ሰው አለ ብዬ አምናለሁ፣ ማመን ግን አይበቃኝም፣ ስሌቱን ወረዳው ግድግዳ ላይ ላየው እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ግራንት ልምጣ፣ ምክንያቱም ብር እየመጣ ነው። የአየር ንብረት ጉባኤው፣ ኮፕ 32፣ በፈረንጆቹ 2027 እዚሁ አዲስ አበባ ነው የሚካሄደው። የአየር ንብረት ለውጥ ለሚያደርሰው ጉዳትና ኪሳራ የሚውለው የዓለም ፈንድ በ2022 እንዲቋቋም ተወስኖ በ2023 ሥራ እንዲጀምር ጸድቋል። የአረንጓዴ አየር ንብረት ፈንድ ከዓመታት በፊት ለኢትዮጵያ ድርቅ መቋቋሚያ 45 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ፕሮፖዛል እንደ ጉድ ይጻፋል፣ ሆቴሎቹ አዳራሽ ይሞላል።

እኔ ይሄን ዓለም ትንሽ አውቀዋለሁ፣ የተወሰነ ጊዜ በትርጉም ሥራ እንጀራዬን በልቼበታለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ድርጅት (ስሙ ይቅር) የአንድ ከተማ የአደጋ ስጋት ጥናት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለስኩ፣ መቶ ምናምን ገጽ ነው፣ በጣም ጥሩ ሥራ ነበር፣ የትኛው ድልድይ ሥር ውሃ እንደሚጠብ፣ የትኛው መንደር እንደሚሰጋ ሁሉ በካርታ አለ። ቢሾፍቱ ለሁለት ቀን ዎርክሾፕ ተደረገ፣ ባነር ተሰቀለ፣ የክብር እንግዳው ንግግራቸውን "ሳይቃጠል በቅጠል" ብለው ጀመሩ (እመኑኝ፣ እንደዚህ ያልጀመረ የአደጋ ዎርክሾፕ አላየሁም)፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ ግሩፕ ፎቶ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮፒውን ፈልጌ ስደውል የያዘው ባለሙያ መሥሪያ ቤት ቀይሯል፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጓል፣ "አንተ ጋ ካለ እስቲ ላክልን" አሉኝ። እኔ ተርጓሚው! የከተማው የስጋት ፕላን ያለው የኔ ፍላሽ ላይ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ፕላንና ብር መያያዝ አለበት የምለው። ፕላኑ ለብሩ በር መክፈቻ ካልሆነ ማንም አይጠብቀውም፣ ማንም አያድሰውም፣ ፍላሽ ላይ ያልቃል። እኛ ጋ ልምዱ ጨርሶ የለም እንዳይባል ደግሞ በዓለም ባንክ ድጋፍ 117 ከተሞች የታቀፉበት የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ነበር፣ በየዓመቱ አፈጻጸማቸው እየተገመገመ ነው ግራንት ይለቀቅላቸው የነበረው፣ ያመጣ ይሸለም፣ ያላመጣ ይቀነስበት ነበር። ይሄ አሠራር ኮብልስቶን ካሠራ ቦይ የማያሠራበት ምክንያት የለም። አዲስ አበባ ደግሞ በአብዛኛው በራሷ ገቢ ነው የምትተዳደረው፣ የ2017 በጀቷ ብቻ 230 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፣ ስለዚህ ዶነር ሳትጠብቅ ለወረዳዎቿ ራሷ ግራንት መስጠት ትችላለች። ወረዳው በስብሰባ ሳይሆን በእግሩ ዞሮ፣ ከነዋሪ ጋር፣ የትኛው ቦይ፣ የትኛው ካልቨርት (መንገድ ሥር ያለ የውሃ ማሳለፊያ)፣ የትኛው ቤት ብሎ ይጻፍ፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ፣ ያ ሲሆን ብር ይለቀቅለት፣ መስከረም ላይ። ጥቅምት አንድ ሥራ ይጀመር። የግድ የበጀት ዓመቱ ይቀየር አላልኩም፣ እሱ የኔ አቅም አይደለም፣ ግን ለጎርፍ ሥራ ብቻ ካለፈው ዓመት የሚሻገር ገንዘብ መፍቀድና ጨረታውን ክረምቱ ውስጥ ጨርሶ መስቀል እንደወጣ ዶማ ማንሳት ሮኬት ሳይንስ አይደለም። ሀምሌና ነሐሴ ኮንትራክተሩም ቢሮውም ቁጭ ብሎ ዝናብ ነው የሚያየው፣ ጨረታውን ያኔ ይክፈቱት።

ስለ ጠረጋው ደግሞ አንድ ማወቅ ያለብን ነገር አለ፣ የውጭ ግራንት ብዙ ጊዜ ለአዲስ ግንባታ እንጂ ለጥገና አይሆንም፣ የፌማም ግራንት መደበኛ ጥገናና ጠረጋን አይሸፍንም፣ ያ የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው ይላሉ። ትክክል ናቸው። ስለዚህ የዓለም ፈንድ ሁሉ ቢመጣ ያቺን ጊንፍሌ ያለች ቦይ የሚጠርጋት ከራሳችን በጀት ነው። ውሉ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ብትጨመር ደስ ይለኛል፣ ደለሉ ተጭኖ ካልሄደ ሥራው አልተሠራም፣ ክፍያ የለም። በሜትር የተጠረገ ቦይ ሳይሆን በቢያጆ የተወሰደ ደለል ይቆጠር። ሪፖርቱ ላይ "ይህን ያህል ኪሎሜትር ቦይ ተጠርጓል" ሲባል የኔ ጥያቄ ስንቱ ተመልሶ ገባ ነው።

"ቆሻሻ የሚጥለው ማነው ታዲያ?" የሚል አይጠፋም፣ ልክ ነው፣ እኛው ነን። ከሱቅ ውሃ ገዝቶ ጠጥቶ ሃይላንዱን ቦይ ውስጥ የሚወረውር ሰው ሲያዩ እማማ ዝም አይሉም፣ "ያንተ ሃይላንድ ማታ እኔ ቤት ነው የሚያድረው" ይላሉ፣ ወጣቱ አፍሮ ያነሳል። ግን እሳቸው ብቻቸውን ስንቱን ይጠብቁ፣ ደሞ ሰፈሩ ውስጥ ገንዳው የት ነው ያለው ብትሉ እኔም አላውቀውም፣ ከተነሳ ቆየ።

ጎርፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታህሳስና ጥር 2017 ላይ በአዋሽ ፈንታሌና ዶፈን በኩል መሬት ስትንቀጠቀጥ እዚህ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለነው ሌሊት በፒጃማ ደረጃ ወርደናል፣ ደረጃው ላይ የተቀመጠ የውሃ ሮቶና የተሰበረ ሶፋ እየዘለልን። የሕንጻ ኮድ አለን፣ ለመንቀጥቀጥ የሚለው ክፍልም አለው። ደረጃው ላይ ሶፋ እንዳይቀመጥ የሚያደርግ የብሎክ ኮሚቴ ግን የለንም። እሱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ ብዙ የሚባል ነገር አለው።

ይሄን የምጽፈው የካቲት ላይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አቧራው ነው የሚያስቸግረው። ባለፈው ሳምንት በጊንፍሌ ሳልፍ ያ የሰኔው ክምር የተረፈው ግማሽ እዛው አለ፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ አንድ ሰው ጫፉ ላይ ጎመን ተክሎበታል፣ ጎመኑ ደግሞ አምሮበታል፣ ደለል ነዋ። የሆነ ነገር አንቀሳቀሰኝና ወደ ወረዳው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት፣ ቁጭ በል አለችኝ። "እህቴ፣ እታች ያለው ቦይ ተደፍኗል፣ ክረምት ሳይመጣ ቢጠረግ፣ ክምሩም ቢነሳ ብዬ ነው፣ ማመልከቻም ጽፌያለሁ" አልኳት።

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው፣ ገልብጣ ከኋላም አየችው።

"የጎርፍ ጉዳይ ነው?" አለችኝ። "አሁንማ በጋ ነው እኮ። ሰኔ ላይ ተመለስ፣ ያኔ ኮሚቴው ይቋቋማል።"